ያልተላጠው ላስቲክ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ልሳነወርቅ፣ ቢያድግልኝ ጥያቄውን ጠይቆ ሲጨርስ።

የጠየቀው አጭር ነበር። «አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ከነፍሴ አብልጬ እወዳታለሁ። ቤት ስገባ ግን ትነሳለች፣ ታቀረቅራለች፣ ዝም ትላለች። እሁድ ለሥራ ሩቅ አገር ልትሄድብኝ ነው። ፍቅሬ ለምን አይደርሳትም፣ የኔታ?»

የኔታ ደጃቸው ካለው መደብ ላይ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ደረቷን ታመመችና ሐኪሙ «ከእንግዲህ የኩራዝ ጭስ እንዳይደርስብሽ» አላት። ገበሬው በጣም ይወዳት ነበር። ሌት ተቀን ስታስል መስማት ቢያቅተው አንዱን በሬውን ሸጦ ሶላር ከነባትሪው፣ አንድ አምፖልም ጨምሮ ገዛ።

የቆርቆሮ ጣራው በሁለት በኩል ያዘቀዝቃል፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ጓሮው። ገበሬው መንገደኛው እንዲያይለት ወደ መንገዱ ይሁን አለ። ሶላር የሚሰቅለው ባለሙያ ሳቀበት። «ፀሐይዋ አብዛኛውን ዓመት የምትውለው በጓሮህ በኩል ነው። የምሰቅለው ለእሷ ነው እንጂ ለጎረቤት አይደለም» አለውና በጓሮው በኩል ወጣ። ብሎኖቹን ከቆርቆሮው ሥር ካለው እንጨት ጋር አጠበቀ፤ ውሃ እንዳይገባም በየብሎኑ ሥር ጎማ አደረገ። ሶላሩንም ነፋስ እንዲያልፍበት ከጣራው ትንሽ ከፍ አድርጎ አሰረው። ሥራውን ሲጨርስ ዝናብ መጣ። «ሶላሩ ፊት ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ ነገ ራስህ ላጠው። ከዚያ በየሳምንቱ ጠዋት ጠዋት፣ ጣራው ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠበው» ብሎት እየሮጠ ሄደ።

ገበሬው ግን አልላጠውም። የእኛን ነገር አንተም ታውቀዋለህ። በዚያ ቤት የከበረ ዕቃ ሁሉ እንደ ተሸፈነ ነው። ፍራሹ ከነላስቲኩ ነው፤ በተገላበጡ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሬዲዮኑ የሚያወራው ጥልፍ ለብሶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለሚስቱ ጤና የገዛውን ዕቃ ራቁቱን ለአቧራና ለበረዶ ይሰጣል? «ይቆይ፤ እንዳይጎዳብኝ» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ አክብሮት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ። ሲመሽ ቤቱ ማር የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ሚስቱ ከብርሃኑ ሥር ጥጥ ትፈትላለች፤ ሳሉ ቀለል ብሎላታል። እሱ ጋደም ብሎ፣ ቀን የጋለው ቆርቆሮ ሲበርድ ቀስ እያለ ጠሽ ጠሽ ሲል እየሰማ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ ያያታል። ዓይኑን ጨፍኖም የምትታየው ይመስለዋል።

ከዚያ ብርሃኑ ደከመ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። ገበሬው ጨርቅ አርጥቦ አምፖሉን ወለወለው። በማግስቱም ወለወለው። ብርሃኑ ወርዶ ወርዶ ፍም ሲያክል አምፖሉን ተቆጣው፤ «ምን ጎደለብህ? ምን አጠፋሁ?» እያለ በየማታው ይነዘንዘው ጀመር። አልፎ አልፎ በደጃፉ ቆሞ ፀሐይዋን ሽቅብ እያየ አርጅታ ይሆን ብሎ ያስባል። ከሰማይ እስከ አምፖሉ ድረስ ሁሉን ጠረጠረ። በራሱ እጅ የተወውን ግን አላሰበም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሚስቱ ኩራዙን ከተሰቀለበት አወረደችና አቧራውን አራገፈች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያ ሳል ተመልሶ ሊመጣ ነው። ኩራዙን ከእጇ ወስዶ «ነገን ጠብቂኝ» አላት።

ጎህ ሲቀድ መሰላል አስደግፎ ጣራው ላይ ወጣ። እንዳያንሸራትተው በደረቱ ተኝቶ፣ እየተሳበ ሶላሩ ዘንድ ደረሰ። ሰማዩ በደመና ተሞልቷል፤ ደመናው ቀስ እያለ ያልፋል። ሶላሩ ፊት ላይ ግን ምንም አያልፍም። በውስጡ የራሱን ፊት ፈለገ፤ አላገኘውም። ያለው ያረረ ወተት የመሰለ ቡናማ ላስቲክ ብቻ ነው፤ በላዩም የወራት አቧራ። በጥፍሩ ጠርዙን ቢያነሳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተሰባበረ ተላጠ። በተላጠው በኩል አንድ ቁራጭ ደመና ገባ። ቀጥሎ ሰማይ ገባ። ቀጥሎ አንዲት ወፍ በሶላሩ መስተዋት ውስጥ በርራ አለፈች፤ ገበሬውም ሐይቅ ላይ የተኛ መሰለው፣ ይወድቅ መስሎት ቆርቆሮውን ያዘ። ከዚያም ብቻውን አለቀሰ። ሚስቱን ብርሃኑን ማን እንደ ከለከላት ገባው።

በዚያ ማታ ሚስቱ ከፈትሏ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ለካስ ጺምህ ሸብቷል» አለችው፤ ሳቀችም።

የኔታ ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ።

«ፀሐይዋ አላረጀችም፣ ቢያድግልኝ። ፍቅርህ እውነተኛ ነው፤ እኔም አውቃለሁ፣ ያየህ ሁሉ ያውቃል። ልጅህም ምንም አልጎደለባትም። አንተ ግን ክብሬ እንዳይነካ ብለህ አባትነትህን ሸፍነህ አኖርከው። በፊቷ አትስቅም፤ ናፈቅሽኝ ብለሃት አታውቅም። እሷ ስትቀዘቅዝ ደግሞ እሷኑ ስትወለውል ኖርክ፤ ‹ቀና በይ፣ ተናገሪ፣ ምን ሆነሻል› እያልክ። የሚላጠው እዚያ አይደለም።»

«ትንቀኝስ?» አለ ቢያድግልኝ። ድምፁ ወርዶ ነበር።

«አምፖል ፀሐይን አይንቅም» አሉት። «ተነስ፣ አሁን ሂድ። ስትገባ እንደ ልማዷ ትነሳልሃለች። ተቀመጪ በላትና አጠገቧ ተቀመጥ። ከዚያ እወድሻለሁ በላት። ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ይንቀጠቀጥ። ጉሮሮህን ጠርገህ እንዳትሸፍነው።»