የተከበሩት ሰዎችና ጠባቡ የደን በር

አንድ አዲስ የተሾሙ ሹም ነበሩ። የሚያስተዳድሯት ከተማ ከአንድ ጥንታዊ ደን ራስጌ የተቆረቆረች ናት። ከደኑ አፍ ተነስቶ እስከ ወንዙ መልካ የሚወርድ፣ የጥንት ነገሥታት ስንቅ ያጋዙበት የሚባል መንገድ አለ። ሕጉ አጭር ነው፦ ሹሙ በዓመት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በእግሩ ወርዶ ወንዙን ከረገጠ ደኑ የከተማዋ ሆኖ ይኖራል። አንድ ዓመት ከቀረ ግን ደኑን ለሚመኝ አንድ የጣውላ ነጋዴ ያልፋል። ነጋዴውም በዚያች ቀን መጥረቢያውን ስሎ መልካው ላይ ይቀመጣል። ትዕግሥተኛ ሰው ነው።

የቀድሞው ሹም ይህን ጉዞ የሚጨርሱት በአንድ ዱላና በአንድ ውሻ ነበር። አዲሱ ሹም ይህን ሲሰሙ አፈሩ። “እንዲህ ያለ ታሪካዊ መንገድ በሬ እንደጠፋበት ሰው ይወረዳል?” አሉና ዕቅድ እንዲወጣ አዘዙ። ዕቅዱ ሦስት ወር ፈጀ። ስለ ዱላ ርዝመት አንድ ምዕራፍ፣ ስለ በሶ አያያዝ ሁለት ምዕራፍ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ባይመጣና ቢያመነታ ምን እንደሚደረግ ሦስት ምዕራፍ ተጻፈ። አብረው የሚወርዱ አሥራ ሁለት የተከበሩ ሰዎችም ተመረጡ። ሹሙ አንብበው ሲጨርሱ እንባ ተናነቃቸው። እውነትም የቀረ ነገር አልነበረም።

ቀኑ ደረሰና ሁሉም ማለዳ ደኑ አፍ ላይ ተገኙ። መንገዱ የሚጀምረው በሁለት ግዙፍ ዝግባዎች መሀል ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም።

ሹሙ ወደ ጎን ቆሙና በዕድሜ ለሚበልጧቸው ግራዝማች እጅ ነሱ። “ይቅደሙ።”

“ኧረ በፍጹም! ሹም እያለ?”

“ሽበትዎን ቀድሜ? እግሬን ይስበረው!”

“እንግዲያስ አለቃ ይቅደሙ፤ የነፍስ አባታችን ናቸው።”

“እኔማ ከኋላ ሆኜ ብባርክ ይሻላል” አሉ አለቃ። “ይልቅ የሹሙ አማች እዚህ ቆመው እኛ ብንቀድም ሰው ምን ይለናል?”

አማችየው ይህን ሲሰሙ ከነዱላቸው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ማንም ማንንም አልቀደመም። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። በሶው ግን አለቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሹሙን ላብ አጠመቃቸው። “የአያቶቼ ደን በእኔ ዘመን ጣውላ ሊሆን ነው” አሉ በልባቸው። ነገር ግን እግራቸውን ባነሱ ቁጥር “ታላቅህን ቀድመህ!” የሚለው የእናታቸው ቁጣ ጆሯቸው ላይ ይጮህና መልሰው ያስቀምጡታል።

በዚህ መሀል ትጓደድ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከገበያ ወደ ወንዙ ዳር ቤቷ ስትመለስ ደረሰችባቸው።

“ጌቶቼ፣ ልትገቡ ነው ልትወጡ?”

“እየተከባበርን ነው” አሏት ግራዝማች በኩራት።

“ደግ አደረጋችሁ። እኔን ግን አሳልፉኝ፤ ሊመሽብኝ ነው” አለችና በዝግባዎቹ መሀል ሹልክ ብላ ገባች።

ሁሉም እፎይ አሉ። የመጀመሪያነቱ ጣጣ አለቀ! ወዲያው ግን አለቃ ወደ ግራዝማች ዞረው፣ “ሁለተኛነቱስ የሚገባው ለእርስዎ ነው” አሉ።

“ኧረ እርስዎ እያሉ!”

ሹሙ ይህን ሲሰሙ ትዕግሥታቸው አለቀ። “ይቅር በሉኝ!” ብለው ጮኹና ተወርውረው ገቡ። ከኋላቸው መርዶ የሰማ ሰው ዓይነት ጩኸት ተሰማ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ቆይኝማ!” አሉ ሹሙ እየሮጡ።

“እኔ ብቆም ፀሐይዋ አትቆምም ጌታዬ! የዛፉን ሥር እየመረጡ ይርገጡ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል!”

ነጠላቸውን የቀጋ እሾህ ያዘባቸው፤ ተዉለት። አንድ ጫማቸውን ማጥ ዋጠው፤ ተዉለት። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ “አንቺ ሴትዮ” ማለታቸውን ትተው “እመቤቴ” ማለት ጀመሩ። መልካው ሲደርሱ ፀሐይዋ ከተራራው አናት በላይ አንድ ጣት ያህል ቀርታለች። ነጋዴው መጥረቢያውን ተሸክሞ ብድግ ብሏል። ሹሙ ሳይቆሙ ዘለው እስከ ወገባቸው ገቡ።

“ረገጥኩት!”

ደኑ አስተጋባ፤ ጉሬዛዎቹ ተንጫጩ። ነጋዴው ፀሐይዋን አየ፣ ሹሙን አየ።

“ጫማዎ አንድ ብቻ ነው” አለ።

“ሕጉ የሚለው እግር ነው!”

ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከተማዋ ሦስት ቀን ጨፈረች፤ ትጓደድም በበቅሎ ተቀምጣ ተዘፈነላት። አሥራ ሁለቱ የተከበሩ ሰዎች ድሉ የተገኘው እነሱ መንገድ በመልቀቃቸው መሆኑን እስከ ዛሬ ይናገራሉ። አልዋሹም፤ በሩ ላይ ቢደረደሩ ኖሮ ሹሙ በየት ያልፉ ነበር?

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ሰውን ማክበር መልካም ነው። የሁላችን የሆነ ነገር ሊጠፋ አንድ ጣት ፀሐይ ሲቀረው ግን “እርስዎ ይቅደሙ” ማለት አክብሮት አይደለም፤ የክት ልብሱን የለበሰ ፍርሃት ነው። በዚያች ሰዓት የሚቀድም ሰው ባለጌ ቢባልም ይባል፤ ልጆቹ ጥላ ሥር ያድጋሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎስ ዛሬ ማንን “ይቅደሙ” እያሉ ነው የቆሙት? ታሪኩን ለሌላ ሰው ያስተላልፉ። መልሱን ግን አደራ፣ ለሌላ ሰው አያስተላልፉ።