ለደብሪቱ ብቻ

አንዲት የገጠር መምህርት ነበሩ። አሰገደች ይባላሉ። በዳስ ማስተማር ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ እርጅና እቤት እስካስቀመጣቸው ድረስ፣ በዚያ አገር ፊደል የቆጠረ ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው። ከወለዷት ከአንዲት ልጃቸው ሌላ የሟች ወንድሞቻቸውን ልጆች አሳድገው ድረዋል። ሽማግሌ ተሰብስቦ እንኳ "እስቲ እትዬ ምን ይላሉ?" ሳይባል ነገር አይቆረጥም ነበር።

ልጃቸው ደብሪቱ ግን አንድ ነገር በሆዷ ይዛ አደገች። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ፣ "ለልጇ አደላች" እንዳይባሉ እናቷ አልፈዋት ሌላውን ይጠራሉ። የሰው ልጅ ንፍጡን አዝረክርኮ ሲመጣ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉለታል፤ ደብሪቱን "ያንቺ እቤት ይደርሳል" ይሏታል። እቤት ሲደርሱ ደግሞ ደክሟቸዋል።

እናት አርጅተው አልጋ ሲይዙ አስታማሚዋ ደብሪቱ ሆነች። "አሁንስ የኔ ብቻ ሆነች" አለች በልቧ። ምን ያደርጋል፣ የድሮ ተማሪዎች ማር በቅል፣ ጋቢ በጉያ እያደረጉ ደጁን ሞሉት። አያልሰው የሚባል ሽበት የወረሰው ገበሬ ጉልበታቸውን ስሞ አንድ ነገር ሲያወጋቸው፣ እናቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ደብሪቱ አይታ አታውቅም።

በማግስቱ በሩን ዘጋች።

"እትዬ እንዴት አደሩ?" አለ አያልሰው፣ በሩ በተዘጋ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ።

"ተኝታለች።"

"ትናንትም ተኝታለች አልሽን። ኧረ ደብሪቱ፣ እኛ ስናንጎላጅ በጆሯችን የሚያነሱን ሴት ዛሬ እንቅልፋም ሆኑ?"

"ተኝታለች አልኩህ!"

ቀስ በቀስ ሰው መምጣቱን ተወ። እናት መጀመሪያ በር በሩን ያዩ ነበር፤ ኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እህልም እምቢ አላቸው። አንድ ቀን "ረሱኝ መሰል" አሉ። ደብሪቱ ጋቢያቸውን ደረበችላቸው።

መሞቻቸው መቃረቡን ስታይ ግን ደነገጠች። ተንበርክካ፣ "እማዬ፣ ሳትመርቂኝ እንዳትሄጂ" አለች።

እናት እጃቸውን አነሡ። ባዶውን ቤት ዞር ዞር ብለው አዩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"እኔስ ልመርቅሽ፣ ልጄ። አሜን ባዩ የታለ?"

"እኔ አለሁ።"

"የአንድ ሰው አሜን የት ይደርሳል ብለሽ?"

ደብሪቱ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ወጣች። "ተኝታ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁባችሁ" እያለች በየደጁ ለመነች። አያልሰው ሞፈሩን ጥሎ ተነሣ።

"እኛ ደግሞ" አላት፣ "ከትምህርት ስንለቀቅ እጃቸውን ይዘሽ ወደ ቤት ስትሄጂ በቅናት እናልቅ ነበር።"

ቤቱ ሞላ፤ የተረፈው ደጅ ቆመ። እናት ሁሉንም በዓይናቸው ሳሙ። እጃቸውን የጫኑት ግን በደብሪቱ ራስ ላይ ብቻ ነበር።

"የወለድሽው ይባረክ!"

"አሜን!" አለ ቤቱ።

"ደጅሽ ሰው አይጣ!"

"አሜን!" አለ ደጁም። ሁሉም አሜን ያለው ለእሷ ነው።

ቅናት የሚያጣላን የኛን ከወሰደብን ሰው ጋር ይመስለናል። እናታችንን የወደደ ሰው ግን ከድርሻችን የቆረሰው የለም፤ እኛን ሲመርቁን አሜን የሚለው እሱ ነው። እስቲ እናስብ፦ የምንወደውን ሰው ለብቻችን ለማድረግ ስንል በማን ላይ በር ዘግተን ይሆን?