አልንሸራተትም ያለው የመጋዝ ጠረጴዛ

ተረት ልንገራችሁ፤ ግን ተናድጄ ነው የምነግራችሁ፣ እናንተም ተናደዱልኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሰናይት ከወለደች ገና አምስተኛ ቀኗ ነው። የቤቱ በር በስብሶ ወደቀና በቦታው አንሶላ ተንጠለጠለ። አራስ፣ በዚያ ብርድ፣ ከአንሶላ ጀርባ! ይሄ ይደረጋል? እትዬ ይርገዱ የፈለጉት አንድ በር ብቻ ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ ወደሚሠራው አናጢ ወደ ተካልኝ ሄዱ።

«አንተ ተካልኝ! በሬስ?»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? የድሮው መጋዝ ማሽኔ ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ። ጣውላውን ይዞ ወደ መጋዙ የሚወስደው ተንሸራታች ጠረጴዛ ግን የድሮው ነው፤ ከአዲሱ ጋር አልገጥም አለ። እስቲ እርስዎ ያነጋግሯቸው፣ እኔን ንቀውኛል» አለና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

እትዬ ይርገዱ ወገባቸውን በነጠላቸው ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

«ጣውላ፣ በር ሁን!»

«አልሆንም። መጀመሪያ መጋዙ ይቁረጠኝ።»

ወደ መጋዙ ዞሩ። «መጋዝ፣ ጣውላውን ቁረጥ! ጣውላው በር አልሆንም አለ፤ አራሷ በረዳት!»

«አልቆርጥም። ሰፊ ጣውላ ያለ ተንሸራታች ጠረጴዛ ሲገፉብኝ ይጣመማል። በኋላ ስሙ የሚጠፋው የኔ ነው።»

ስም አለኝ ብሎ ሞቷል! ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። «ጠረጴዛ፣ ጣውላውን ይዘህ ተንሸራተት! መጋዙ ጣውላውን አልቆርጥም አለ፤ ጣውላው በር አልሆንም አለ፤ አራሷ በረዳት!»

«አልንሸራተትም። እኔ የተሠራሁት ለሌላ መጋዝ ነው። እዚህ ስገጠም ሁለት ጣት ዝቅ እላለሁ፤ ዝቅ ብዬ ደግሞ አልኖርም። ያ ጥግ ላይ ያለው ብረት ከሥሬ ገብቶ ያንሳኝ።»

አያችሁ ኩራት? ሕፃን እየተንቀጠቀጠ፣ እሱ ለሁለት ጣት! ወደ ብረቱ ሄዱ። «ብረት፣ ጠረጴዛውን አንሳ! ጠረጴዛው አልንሸራተትም አለ፤ መጋዙ ጣውላውን አልቆርጥም አለ፤ ጣውላው በር አልሆንም አለ፤ አራሷ በረዳት!»

«አላነሳም። ያለ ብሎን ማን ያስረኛል? ለብሎን ደግሞ ቀዳዳ የለኝም። መሰርሰሪያው ይብሳኝ።»

«መሰርሰሪያ፣ ብረቱን ብሳ! ብረቱ ጠረጴዛውን አላነሳም አለ፤ ጠረጴዛው አልንሸራተትም አለ፤ መጋዙ ጣውላውን አልቆርጥም አለ፤ ጣውላው በር አልሆንም አለ፤ አራሷ በረዳት!»

«አልበሳም። መብራት ካላዞረኝ በምን ጉልበቴ?»

«ጠፍቷል፣ እትዬ» አለ ተካልኝ ከተቀመጠበት። «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅሁት ነው። ይመጣል።»

ይመጣል! በዚህች ቃል ስንቱ ሰው አረጀ? እትዬ ይርገዱ እየተንጨረጨሩ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የግቢው ቆጣሪ ሄዱ።

«መብራት፣ መሰርሰሪያውን አዙር! መሰርሰሪያው ብረቱን አልበሳም አለ፤ ብረቱ ጠረጴዛውን አላነሳም አለ፤ ጠረጴዛው አልንሸራተትም አለ፤ መጋዙ ጣውላውን አልቆርጥም አለ፤ ጣውላው በር አልሆንም አለ፤ አራሷ በረዳት! ማነው የከለከለህ? ስሙን ንገረኝ፣ አልምረውም!»

«እርስዎ ነዎት» አለ መብራት።

«እኔ?»

«ጠዋት መሰርሰሪያው ብረቱ ላይ ሲጮህ ሕፃኑ ደነገጠ። ‹አራስ ቤት ጸጥታ ይፈልጋል› ብለው መጡና ብሬከሩን ወደ ታች አወረዱት። ለማንም አልተናገሩም።»

እትዬ ይርገዱ አፈሩ። ከሁሉም ጋር ሲጣሉ ውለው አሁን የሚጣሉት ሰው አጡ። አንገታቸውን አዙረው አየት አደረጉ፤ ማንም የለም። ብሬከሩን ቀስ ብለው ወደ ላይ መለሱት።

መብራቱ መሰርሰሪያውን አዞረ፤ መሰርሰሪያው ብረቱን በሳ፤ ብረቱ ጠረጴዛውን ሁለት ጣት አነሳ፤ ጠረጴዛው ጣውላውን ይዞ ተንሸራተተ፤ መጋዙ ጣውላውን ቆረጠ፤ ጣውላው በር ሆነ። ሕፃኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለቀሰ፤ እትዬ ይርገዱም በሁለት መዳፋቸው ጆሮውን ይዘውለት ቆዩ።

በሩ ተሰቀለ። ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ብርዱ ውጭ ቀረ፣ ሰናይትም ልጇን አቅፋ ተኛች።

ተካልኝ ከውጭ ሆኖ «እትዬ፣ ለመሆኑ መብራቱን ማን ነው ያጠፋው?» ብሎ ጮኸ።

«ቀስ ብለህ ተናገር!» አሉት እትዬ ይርገዱ በንዴት። «ሕፃን ተኝቷል!»

የኔ ተረት እዚህ ላይ ተዘጋ፤ የእናንተን ክፈቱ።