ሰርጓጅ መርከብና ዝም ያለችው ዓሣ ነባሪ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ «እሺ» በሉኝ። እሺ ካላችሁ ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ ብረት እንደ ሰው ይናገር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ሰርጓጅ መርከብ በጥልቅ ባሕር ውስጥ ይኖር ነበር። ዓይኑ በረጅም አንገቱ ጫፍ ላይ ስለነበረች ከውኃ በላይ ካልወጣች አታይም። ከታች ያለውን ሁሉ የሚነግረው ሆዱ ውስጥ የሚኖረው ሶናር ነበር።

ሶናር ሁለት ሥራ ያውቃል። አንደኛው ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን መጠበቅ ነው። ድምፁ ይሄዳል፤ አንድ ነገር ይመታል፤ ይመለሳል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ፣ ሶናር ሰከንዱን ቆጥሮ ነገሩ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል።

በዚያው ባሕር እትዬ ዓሣ ነባሪ ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰርጓጁ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃታል፤ እሷም እየዘፈነች ትመጣለች።

«አንተ ብረቱ፣ ዛሬም ዝገትህን አልታጠብክም?» ትለዋለች።

«አንቺስ እትዬ፣ ዓሣ ስትውጪ ከሩቅ ይሰማል» ይላታል።

አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «ልጅ ወልጃለሁ።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«ልጄ ገና ወደ ታች መጥለቅ አይችልም። ላይ ላይ ስንውል አዳኝ አውሬዎች ድምፃችንን እንዳይሰሙ ዝም እላለሁ። ዝም ስል አትፈልገኝ። እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

«በስንት ቀን?»

«እሱን ልጁ ነው የሚያውቀው።»

«እሺ እትዬ» አለ።

በመጀመሪያው ቀን ሰርጓጁ ሞተሩን አጥፍቶ አዳመጠ። ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን አዳመጠ። ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን አልቻለም።

«አንድ ጊዜ ድምፅ ላክ» አለው ሶናርን።

«አለቃ፣ አትፈልገኝ ብላለች እኮ።»

«ልፈልጋት አይደለም። ደህና መሆኗን ልወቅ ብዬ ነው።»

ሶናር ላከ። ባሕሩ ተናወጠ። አራት ሰከንድ ቆጠረ።

«ግማሹ መሄጃ፣ ግማሹ መመለሻ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ አካል አለ።»

«እነሱ ናቸው! ደህና ናት?»

«ያለችበትን ነው ያወቅሁት፤ ደህንነቷን ማሚቶው አይናገርም።»

ሰርጓጁ መልስ ጠበቀ። መልስ የለም። «አልሰማችን ይሆናል። ከፍ አድርገህ ላክ!»

ሶናር ከፍ አድርጎ ላከ። ስምንት ሰከንድ ቆጠረ። «ስድስት ኪሎ ሜትር። ወደ ዳርቻው እየሄዱ ነው።»

«ድብብቆሽ ትጫወትብኛለች! ልጅ ብትወልድ ራሷ ልጅ ሆነች!» ብሎ ሳቀ። «በል፣ ያለህን ኃይል ሁሉ አውጣ!»

«አለቃ፣ ቢበቃስ?»

«ላክ አልኩህ!»

ሶናር ያለውን ሁሉ አውጥቶ ላከ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ቆጠረ። «ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ድምፁ በሄደበት ቃና ነው የተመለሰው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር መትቶ ቢሆን ቃናው ይለወጥ ነበር። አትንቀሳቀስም።»

«ቆማ እየጠበቀችን ነው!» አለና ሰርጓጁ ሞተሩን አስነስቶ ገሠገሠ። ውኃው እያነሰ እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ሆዱ አሸዋ ነካ። አንገቱን አውጥቶ አየ።

እትዬ ዓሣ ነባሪ ግማሽ አካሏ ከውኃው ወጥቶ አሸዋ ላይ ተጋድማለች። ልጇ ዳር ዳሩን ይዞራል።

«ብረቱ» አለችው፣ «አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«የሚያሳድደን አውሬ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ቀደደው። ልጄን ይዤ ሸሸሁ፤ በሸሸሁ ቁጥር ከኋላዬ እየባሰ ጮኸ። የምገባበት ሳጣ እዚህ ወጣሁ።»

«ደህና መሆንሽን ላውቅ ብዬ ነው እትዬ።»

«ድምፁን እስክትልክ ድረስ ደህና ነበርኩ።»

ሰርጓጁ ሊገፋት ፈለገ፤ ሊደርስባት አልቻለም። ሊጎትታት ፈለገ፤ እጅ የለውም። ውኃ ሊረጭባት ፈለገ፤ ራቀበት። ፀሐይ ከፍ ስትል የእትዬ ዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ቆመ።

«ልጅዬ፣ ና፣ እኔ ልውሰድህ» አለ ሰርጓጁ። ግልገሉ ድምፁን ሲሰማ ደንግጦ ወደ ሰፊው ባሕር ሸሸ። የት እንደገባ ያየ የለም።

ብዙ ቆይቶ ሶናር ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ «አለቃ፣ አንድ ጊዜ ድምፅ ልላክና ልጁ የት እንዳለ ልወቅ?»

«ተው» አለ ሰርጓጁ።

እናንተም ስሙ፦ ሰው የት እንዳለ ማወቅ እንዴት እንዳለ ማወቅ አይደለም። «ዝም ስል ጠብቁኝ» ያላችሁን ጠብቁ። እኔ ተረቱን ተናገርኩ፤ የቀረው የእናንተ ነው።