ዘጠኝ በር ያለው ቤት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ። ጠያቂው ከእህቱ ጋር ከተኳረፈ ሦስት ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው። «በደሉ ተደራርቦ መጀመሪያው ጠፋኝ፤ ጥፋተኛው ሳይለይ እርቅ ከየት ይጀመራል?» ብሎ ገና ጋቢውን እንኳ አላስተካከለም ነበር።

መምህሩ «ነበረ» ያሉት ሰው ባለጸጋ ገበሬ ነው። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። በአባታቸው ተዝካር ዕለት ታናሽየው ታላቁን ሳያማክር ካህናቱን ወስዶ በራሱ ዳስ አስቀመጠ። ታላቅየው «በሰው ፊት ተናቅሁ» አለ። እውነትም ተንቋል፤ አልዋሸም። «ከእንግዲህ ደጄን አይረግጣትም!» ብሎ ማለ።

ነገር ግን ያገሩ ደንብ አለ። ሽማግሌ ለእርቅ መጥቶ ከበር ከቆመ «ተቀመጡ» ማለት ግድ ነው፤ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ ሳያስታርቅ አይነሣም። ሰውየው ደንብ አፍራሽ መባልን ይፈራል፤ መታረቁን ግን አይፈልግም። ስለዚህ አናጢ ጠርቶ በቤቱ ዙሪያ ዘጠኝ በር አስወጣ። ወደ ውስጥ የሚያስገባው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ሲከፈት ግድግዳ ነው፤ ሌላው ከጎተራ ያገባል፤ ሌላው በጠባብ መተላለፊያ አዙሮ አዙሮ መልሶ ሜዳ ላይ ይጥላል።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ካንዱ በር ቆሙ። «እሱ በር አይደለም» አላቸው ከውስጥ። ወደ ሌላው ሄዱ። «እሱም አይደለም።» ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ እነሱ ግን ዞረው ዞረው ከሜዳ ቀሩ። ሰውየው ደስ አለው። በሩ ላይ የቆመ ሽማግሌ የለም፤ ደንብም አልፈረሰም!

ዳሩ ግን እውነተኛውን በር እንዳይለምዱት ብሎ በየወሩ ይለዋውጠው ጀመር። የሚያስገባውን በጭቃ ይደፍናል፣ የተደፈነውን ይከፍታል። ሚስቱ ተማረረች።

«አንተ ሰው፣ ውሃ ልቀዳ ብዬ ብነሣ ከጎተራ ገባሁ እኮ! ነገ ደግሞ የት ልታገባኝ ነው?»

እሱም ቢሆን ግራ ገብቶት ነበር። ከእርሻ ሲመለስ ከገዛ ቤቱ ፊት ቆሞ፣ «ይህን የደፈንሁት ዘንድሮ ነው ወይስ አምና?» ይላል። ሰው እንዳይጠይቅ አፈረ። ቢጠይቅስ ማን ያውቅለታል?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድሙ ራሱ መጣ። ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። የበደለ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ እንዲህ ነው የሚመጣ፤ ድንጋዩን የሚያወርድለትም የተበደለው እጅ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ በድያለሁ! ድንጋይ ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ በርህ የቱ ነው?»

ታላቅየው ይህን ድምፅ ሲሰማ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ለሽማግሌዎቹ የለመደውን መልስ ተወው። ልክፈትለት ብሎ ወደ አንዱ በር ሮጠ፤ ጎተራ ሆነበት። ወደ ሌላው ሮጠ፤ ግድግዳ። ወንድሙም በር ፍለጋ ይዞራልና ቅድም በቀኝ የነበረው ድምፅ አሁን በግራ መጣ። ሰውየው ከድንጋጤው የተነሣ ትናንት የገባበትን እንኳ ረሳ።

«በሩ የቱ ነው?» አላት ሚስቱን።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለችው።

የወንድሙ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀመር። «ጣለው! ድንጋዩን ጣለው!» ብሎ ታላቅየው ጮኸ።

«ካላወረድህልኝ አልጥለውም» አለ ወንድሙ። ድምፁ ግን እየደከመ ነበር።

ሰውየው ወንድሙ ከደጁ ወድቆ የሚሞት መሰለው። የተዝካሩ ነገር፣ ዳሱ፣ ካህናቱ፣ ሁሉም ከልቡ ወጣ። «እንግዲያው ካለህበት እንዳትነቃነቅ!» አለና ጆሮውን ከግድግዳው ለጠፈ። ትንፋሹ የተሰማው በር በሌለበት በኩል ነው። መጥረቢያውን አነሣ። ጭቃውን ናደ፣ ማገሩን ቆረጠ፣ በቀዳዳው ወጥቶ ድንጋዩን ከወንድሙ ማጅራት አወረደ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ሚስትየውም ከኋላቸው፣ «ተመስገን፣ እኔም መውጫ አገኘሁ» አለች።

መምህሩ ወደ ጠያቂው ዞሩ።

«አንተም ማን ጀመረ፣ ማን መለሰ እያልህ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ኖርህ። የትኛውም አላስወጣህም፤ ሁሉንም የሠራሃቸው ላለመገናኘት ነዋ! ጥፋተኛውን ተወውና ይህን ንገረኝ። እህትህ ድምፅዋን አሰምታህ ታውቃለች?»

ጎልማሳው አንገቱን ደፋ። «ባለፈው ሳምንት ሰው ልካ ነበር። ታምሜያለሁ ብላ።»

«ታማ ልካብህ ነው ከእኔ ዘንድ ተቀምጠህ መጀመሪያውን የምትፈልገው?» መምህሩ ተቆጡ። «ልጄ፣ ድምፅዋን በሰማህበት በኩል ግድግዳውን አፍርስ። ተነሥ!»