ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፍሬን

አንድ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ነበረች። ሰዎቿ ሁሉ ብስክሌት ይነዱ ነበር። ዳኛውም፣ ነርሷም፣ ዓሣ ነጋዴውም በሁለት ጎማ ነበር የሚሄዱት፤ ሙሽራ እንኳ ሚዜዎቹን በብስክሌት አስከትሎ ነበር የሚመጣው። በዚያች ከተማ ማን እንደመጣ ለማወቅ በመስኮት ማየት አያስፈልግም ነበር፤ የብስክሌቱን ሰንሰለት፣ የካቴናውን ድምፅ መስማት ይበቃል።

በከተማዋ የብስክሌት ፍሬም፣ ጎማና መሪ የሚገጠሙበትን አካል፣ በእጃቸው የሚሠሩ አንድ ባለሙያ ነበሩ፤ ጋሽ ወንድይራድ ይባላሉ። የአገሩ ሰው ፍሬምን በአጭሩ «ብረት» ነው የሚለው። ጋሽ ወንድይራድ ቀጭን የብረት ቱቦ መርጠው ይቆርጣሉ፣ መጋጠሚያውን በነሐስ ይበይዳሉ፣ ከዚያም ብየዳው የት እንደሆነ ለጣት እስኪጠፋ ድረስ በሞረድ ያለሰልሱታል። መቸኮል አያውቁም። በዓመት ከአራት ብረት በላይ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ተራ መያዝ ግድ ነበር፤ ተራ የያዘ ሰው ሁሉ ደግሞ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቤታቸው ፊት ለፊት ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ምኞቱን ያወራል።

ወሬው ደስ ይል ነበር። አንዷ ነርስ በአንድ እጅ ተነሥቶ ደረጃ የሚወጣ ቀላል ብረት ትመኛለች። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወገባቸው ስለማይታጠፍ እግር ብዙ ሳያነሡ የሚወጡበት ዝቅ ያለ ብረት ይፈልጋሉ። መሪጌታው ደግሞ የጋቢያቸው ጫፍ ካቴና ውስጥ የማይገባበት ብረት ካልተሠራ ሥልጣኔ የሚባለው ነገር ውሸት ነው ይላሉ። ጋሽ ወንድይራድ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ፈገግ ይላሉ።

እንደ እንዳላማው የተመኘ ግን አልነበረም።

እንዳላማው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል። የሚነዳት ጥቁር ብስክሌት ከአባቱ የወረሳት ናት። ሲመዘገብ ተራው አሥራ ሁለተኛ ሆነ፤ አሥራ ሁለተኛ ማለት እንግዲህ ሦስት ዓመት ነው። እሱ ግን ሦስቱን ዓመት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ብረቱ እስኪደርስ በላዩ የሚገጠመውን ዕቃ አንድ በአንድ መግዛት ጀመረ። መጀመሪያ ፔዳል ገዛ፣ ቀጥሎ ኮርቻ፣ ቀጥሎ መሪ፣ ካቴና፣ ጎማ፣ በመጨረሻም የሚያብረቀርቅ ፍሬን። እያንዳንዱን በዘይት ይወለውልና በጋዜጣ ጠቅልሎ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ነበር ምስማሩን የሚመታው። ቦታ ሲጠበው የሠርጉን ፎቶ አውርዶ መሪውን ሰቀለበት። እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳውን ያስጎበኘዋል።

ጥቁሯ ብስክሌት ግን እያለቀች ነበር። የፍሬኗ ጎማ አለቀ፤ ቆይቶም ሽቦው ተበጠሰ። እንዳላማው በጫማው መቆም ለመደ። መቆም ሲፈልግ የግራ እግሩን አውርዶ ሶሉን ከመሬት ጋር ያፋትጋል። በዚህ ዓይነት በሁለት ዓመት ሦስት ጫማ ጨረሰ፤ የሦስቱም ግራ እግር ብቻ ነበር ያለቀው።

ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ሚስቱ ይታይሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ያለው ታች ገበያው አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት እንዳላማው ኋላ ያፈናጥጣትና ቁልቁለቱን ይዟት ይወርዳል። እሷ ወገቡን ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ቀን ከመውጣታቸው በፊት ወደ ግድግዳው እያየች ጠየቀችው።

«ያ በጋዜጣ የተጠቀለለው ፍሬን አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ ለምን አትገጥመውም?»

«እሱ ለአዲሱ ነው። በዚች አሮጌ ላይ ገጥሜ ላበላሸው እንዴ?»

ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ኋላው ተቀመጠች።

በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ጋሽ ወንድይራድ እንዳላማውን ጠርተው «ከወር በኋላ ያንተን እጀምራለሁ» አሉት። እንዳላማው በደስታ እንቅልፍ አጣ። ሰው የሚገርም ፍጥረት ነው፤ ነገሩ ሩቅ ሳለ ለጋስ ይሆናል፣ ሊደርስ ሲል ይሰስታል። ሚስቱ ስለ ፍሬኑ ደግማ ስታነሣበት «ሦስት ዓመት ታግሼ በአንድ ወር ልሸነፍ?» አላት። ትዕግሥት ብሎ የጠራው ነገር ትዕግሥት እንዳልነበረ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ዝናብ ያደረ ጠዋት ነው። ቁልቁለቱን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ በግ ነጋዴ መንጋውን ይዞ መንገዱን ማቋረጥ ጀመረ። እንዳላማው እግሩን አወረደ። ሶሉ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተንሸራተተ። ያለው አማራጭ ወደ ቦዩ መጠምዘዝ ብቻ ነበር። እሱ ጭቃ ለብሶ ተነሣ። ይታይሽ ግን በቀኝ እጇ ላይ ነበር የወደቀችው፤ አንጓዋ ተሰብሯል።

ጤና ጣቢያ ጄሶ አሰሩላት። ለሁለት ወር መርፌ እንደማትይዝ ነገሯት። ትዕዛዝ የተቀበለችባቸው ቀሚሶች ሳይሰፉ ቀሩ፤ ከሁሉ ያሳዘናት ደግሞ ለአንዲት ሙሽራ የጀመረችው ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ፍሬን ጥሩ ነገር እንደሆነ ለእንዳላማው አስረዳው። መሪጌታውም መጥተው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው ልጄ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነታቸውን ነው። እሳቸውም ግን ከሸማ ጋር ሣጥን ውስጥ የቆለፉት አዲስ የብስክሌት ደወል ነበራቸው፤ መንገድ ላይ ሰውን «ዞር በሉ» እያሉ በጩኸት ነበር የሚሄዱት።

ይታይሽ ብቻ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ታያለች። በሦስተኛው ቀን እንዳላማው አስተያየቷ ከበደውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አይዞሽ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስብሽም። አዲሱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። እሱ ሲያልቅ እንደ እንቁላል ነው ይዤሽ የምወርደው።»

ይታይሽ ዓይኗን ከግድግዳው ሳታነሣ፣

«እንዳላማው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «እኔ ለአዲሱ ነኝ ወይስ ለአሮጌው?»

እንዳላማው ዓይኗን ተከትሎ ግድግዳውን አየ። በየቀኑ ያቺ አሮጌ ብስክሌት ላይ ማንን እያስቀመጠ እንደሚወርድ ያን ጊዜ ገባው፤ እጅግም አፈረ።

ተነሥቶ ወንበር አመጣና ጋዜጣዎቹን አንድ በአንድ አወረደ። ጥቁሯን ብስክሌት እዚያው መኝታ ቤቱ ድረስ አስገብቶ ገለበጣት። ፍሬኑን ገጠመ። ቀጥሎ ጎማውን፣ ካቴናውን፣ ፔዳሉን፣ ኮርቻውን፣ መሪውን። እኩለ ቀን ሲሆን ግድግዳው ላይ ምስማር ብቻ ቀረ። በአንደኛው ላይ የሠርጋቸውን ፎቶ መልሶ ሰቀለው። ከዚያ የኋላውን ጎማ በኃይል አሽከረከረና «እስቲ ያዥው» አላት። ይታይሽ በደህናው እጇ ፍሬኑን ጨበጥ አደረገችው። ጎማው ቀጥ አለ።

«ይሄ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ቀላል ነበር?» አለችና ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ተራው ሲደርስ እንዳላማው ጥቁሯን ብስክሌት እየነዳ ጋሽ ወንድይራድ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ተራዬን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ» አላቸው። «ለአዲሱ ያዘጋጀሁት ዕቃ ሁሉ አሮጌዋ ላይ ገብቷል። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ወንድይራድ ብስክሌቷን ተቀብለው ወጡባት። ዋርካውን አንዴ ዞረው መጡና ፍሬኗን ይዘው ፊቱ ቆሙ።

«አንተ የማትገባበት ቤት የለም አይደል?»

«የለም ጋሼ። ቆጣሪ የሌለው ቤት የለም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ሠርቻለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ የኔን ብረት የት የት አየኸው?»

እንዳላማው አሰበ። ብዙ አይቷል፤ እያየም ቀንቷል። «የዳኛው ሳሎን ውስጥ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል» አለ። «ዓሣ ነጋዴው አስፋልቱ ሰፈሩ እስኪደርስ እየጠበቀ በላስቲክ ሸፍኖታል። ባለ ሆቴሉ ቤት ደግሞ ዳንቴል ለብሷል።»

«መንገድ ላይስ?»

መንገድ ላይ ያየው አንድም አልነበረም።

«እሁድ እሁድ የሁላችሁንም ምኞት እሰማለሁ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «የኔን ምኞት ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። የኔ ምኞት የእጄን ሥራ አንድ ቀን፣ ቀለሙ ተፋፍቆ፣ ጭቃ ነክቶት፣ ሰው ተሸክሞ ሲሄድ ማየት ነው። ብረት ተሰቅሎ ውስጥ ውስጡን ሲዝግ ባለቤቱ አያውቅም። ፍሬኑን የሚሰቅል ሰው ብረቱንም እንደሚሰቅል ስለማውቅ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያንተን ልጀምር የነበረው ደስ ብሎኝ አልነበረም። አሁን ግን አወረድከው። ስለዚህ ተራህን ለማንም አልሰጥብህም። ጠጋ በል ልለካህ።»

«ዕቃስ?»

«ዕቃ ይለቀማል፤ ዋናው ነገር አወራረዱን አውቀኸዋል።»

ብረቱ በሦስተኛው ወር አለቀ፤ አረንጓዴ ነበር፤ እንዳላማው በምኞቱ ከሣለው ሁሉ ያምር ነበር። በዚያን ጊዜ የይታይሽ እጅ ድኗል፤ የሙሽራዋም ቀሚስ ዘግይቶም ቢሆን ለቅልቅሉ ደርሷል። እንዳላማው የጥቁሯን ዕቃ ፈትቶ ወደ አዲሱ ሊያዛውር ቢያስብ ይታይሽ ከለከለችው።

«እሷን እንዳትነካት። ከእንግዲህ እኔ ራሴ ነኝ የምነዳት» አለችው። «ጥሩ ፍሬን ያላት ብስክሌት ናት።»

ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ እሱ ኮርቻዋን እየደገፈላት በአንድ ሳምንት ለመደች። አዲሱ ብረት ላይ ደግሞ ከየሰው የተለቃቀመ ዕቃ ተገጠመ፤ አንዱ ፔዳል ከሌላው አይመሳሰልም፣ ኮርቻውም የተጣፈ ነበር። ፍሬኑ ብቻ አዲስ ነው። እንዳላማው ፍሬኑ ሳይገጠም ከጋሽ ወንድይራድ በር አልወጣም።

አንድ ጠዋት ጋሽ ወንድይራድ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ሁለት ብስክሌት ቁልቁለቱን ሲወርድ አዩ። ፊት ጥቁሯ፣ ኋላ አረንጓዴው። እንደ ልማዱ በግ ነጋዴው መንገዱን ዘግቷል። ሁለቱም ቀስ ብለው ፍሬን ያዙ፣ ቆሙ፣ መንጋውን አሳለፉ። ሽማግሌው ተነሥተው ወደ አረንጓዴው ሄዱ። ዓመት ሳይሞላው የቆጣሪ ደብተር የታሰረበት ቦታ ቀለሙ ተፍቋል፤ ከሥሩ የደረቀ ጭቃ አለ። የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ለካ ደህና ሥራ ነው የሠራሁት» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ባለ ሆቴሉ ዳንቴሉን ገፎ ዋርካው ሥር በብስክሌት መጣ ይባላል። መሪጌታውም ደወላቸውን ገጥመው ከተማውን አስለቀቁት።

ወዳጆቼ፣ መመኘት ነውር አይደለም። አዲሱን ብረት የሚጠብቅ ሰው ጠዋት የሚነሣበት ምክንያት አለው፤ ያም ጸጋ ነው። ጥፋቱ ለሚመጣው ቀን ብለን ያስቀመጥነው ነገር ዛሬ የሚጥለን ቁልቁለት ላይ ሊያተርፈን ሲችል ግድግዳ ላይ መተዋችን ነው። ጥሩውን ቃል፣ ጥሩውን ጊዜ፣ ጥሩውን ፍቅር ሁሉ «ሲያልፍልን» ለምንለው ዘመን ጠቅልለን እናስቀምጣለን፤ ዛሬ ኋላችን ተፈናጣ ወገባችንን ይዛ ያለችው ግን ያቺው አንዲት ሰው ናት። ይህን ስጽፍ ከማንም በልጬ አይደለም፤ እኔም ቤት ለክቡር እንግዳ ተብሎ ስድስት ዓመት ያልተነካ ሰሃን አለ፤ ልጆቼ የሚበሉት ጠርዙ በተሸረፈው ነው። ዛሬ ማታ ላወርደው አስቤያለሁ።

እናንተስ ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሏል? ከሥሩስ የተኛው ማነው?