ቀበሮና የደራሽ ውሃው መልእክት

አንድ ጊዜ፣ ጉም በሚተኛበት ተራራ አናት ላይ፣ እንስሳት ኮምፒውተር የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። የኔትወርኩ ማማ ከግቢው ውስጥ ስለተተከለ፣ እዚያ የተነካ ነገር ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ይከፈት ነበር።

ከተማሪዎቹ ብልጧ ቀበሮ ነበረች። ደራሽ ውሃ ሲመጣ የቆላ እንስሳትን የሚያስጠነቅቅ መተግበሪያ ሠራች። ሲከፍቱት ወንዝ በቪዲዮ ይፈስሳል፣ ነጎድጓድ ያጓራል። አያ ጅቦ አጠገቧ ተጎልቶ፣ «ጨምሪበት! ትልቅ ነገር ምን ጊዜም ጥሩ ነው» እያለ ምራቁን ይውጣል።

መምህርቷ እመት ኤሊ መተግበሪያውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ቆላ ውረጂና አህያ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብቺ» አለቻት።

ቀበሮ በልቧ «ከመንገድ ተመልሼ ደርሼ መጣሁ እላለሁ» አለች። ግን ጉሙ ዋጣት። እግሯ መሬት የረገጠ አልመስላት አለ፤ ጉሙ ሲገለጥ ከደረቅ ወንዝ ዳር፣ ከአህያ ጎጆ ደጃፍ ቆማ ራሷን አገኘች። የአህያ ውርንጭላ በወንዙ አሸዋ ላይ ተኝቷል።

«ቤት ለእንግዳ፣ እታለም» አለች አህያ።

«መተግበሪያዬን ከፈትሽው?»

«ከትናንት ጀምሮ እየከፈትኩት ነው። ኔትወርክ እዚህ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ብቅ ይልና ሳይቀመጥ ይሄዳል።»

«ስልክሽ አርጅቶ ነዋ! ውስጡ የወንዝ ሥዕል፣ የነጎድጓድ ድምፅ አለው እኮ።»

«ይሆናል። እስቲ በራስሽ ሞክሪው።»

ቀበሮ ሞከረች። ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። የቀትሩ ሙቀት፣ የንቦቹ ዝምዝምታ፣ የክቧ መዞር ዓይኗን አከበደው። በላይዋ ሰማዩ ጠርቷል፤ ደጋው ላይ ግን ዝናብ ይጥል ነበር። በሰመመኗ ውስጥ ከሩቅ ጉርምርምታ ሰማች።

«ተከፈተልኝ! ነጎድጓዴ ነው» ብላ ደስ አላት።

ዓይኗን ስትገልጥ ክቧ አሁንም ትዞራለች። የሚያጓራው ወንዙ ራሱ ነበር።

«ልጄን!» ብላ አህያ ጮኸች።

ቀበሮ ዘልላ ውርንጭላውን በጆሮው ጎተተችው። ውሃው ጅራቷን እየላሰ፣ ሦስቱም እንደምንም ቋጥኝ ላይ ወጡ። የአህያ ጎጆ ለበጋ ካስቀመጠችው ድርቆሽ ጋር ዓይናቸው እያየ ተወሰደ።

አህያ ውርንጭላዋን ከጎኗ አስጠግታ፣ «ሥዕሉን እኔ መች ጠየቅሁሽ? ‹ሽሺ› ብትይኝ ይበቃኝ ነበር» አለቻት።

ቀበሮ አፈረች።

ተራራው ላይ እንደተመለሰች ቪዲዮውን፣ ድምፁን፣ ቀለሙን ሁሉ አወጣች። አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ቀረች፦ «ውሃ መጣ፤ ከፍታ ላይ ውጡ።»

«ታዲያ ምን ቀረ? ይቺማ ለአንድ ጉርሻ አትበቃም!» ብሎ አያ ጅቦ ሊያለቅስ ደረሰ።

ቀበሮ አልሰማችውም። ተመልሳ ቆላ ወረደችና መልእክቷ እስክትደርስ ከአህያ ጋር ቁጭ ብላ ጠበቀች። ደረሰች።

በተከታዩ ክረምት ደራሽ ውሃው እያጓራ ሲወርድ፣ ወንዙ ዳር አንድም ነፍስ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ለሌላው የምንሠራውን ነገር መመዘን ያለብን እኛ በተመቸን ስፍራ ተቀምጠን ሳይሆን እሱ ከቸገረው ስፍራ አብረነው ቆመን መሆኑን ነው።